«አብሽሪ» ብቻውን አያዋልድም

በዚህ ዐምድ የአንባብያንን ጥያቄ የሚመልሱት አዋላጅ ነርሶችና የቤተሰብ አማካሪዎች ናቸው። የሰኔ ደብዳቤዎቻችን ሁሉም ከወሎ የመጡ ናቸው፤ ልጅ የሚጠብቁ ባልና ሚስት ስለ ወሊዱ እንዴት ይነጋገሩ፣ ምንስ ይማሩ የሚሉ ናቸው። ረዘም ያሉትን አሳጥረናል።

ጥያቄ፦ የምኖረው ኮምቦልቻ ነው፤ ፋብሪካ ውስጥ ተቀጥሬ እሠራለሁ። የመጀመሪያ እርግዝናዬ ነው። የመጨረሻ ወር አበባዬ የጀመረው ታኅሣሥ 10 ነበር። ባለቤቴ የከባድ መኪና ሾፌር ነው፤ ጅቡቲ ይመላለሳል፤ ቤት ቢያድር ሁለት ሦስት ቀን ነው። ስለ ወሊዱ ባነሳሁ ቁጥር «አብሽሪ፣ አላህ ያውቃል» ይለኝና ስልኩን ያነሳል። ደግ ሰው ነው፣ ይሳሳልኛል። እኔ ግን ብቻዬን የቀረሁ መሰለኝ። ባስጨንቀው ደግሞ መንገድ ላይ ሐሳብ ይዞት ይሄዳል ብዬ እፈራለሁ። እንዴት ላናግረው?

መልስ፦ «አብሽሪ» ሸጋ ቃል ነው። ወሎ ውስጥ የታመመም ያዘነም ይጽናናበታል። ክፋቱ አንዳንዴ መልስ መስሎ ቁጭ ማለቱ ነው። እርስዎ «ምጥ ቢይዘኝ ማን ይወስደኛል?» ሲሉ ባለቤትዎ የሰማው «ፈርቻለሁ» የሚለውን ነው፤ ለፈራ ሰው የሚባለውን አለ። ስለዚህ ፍርሃትዎንና ጥያቄዎን በየፊናቸው ያቅርቡ። ፍርሃቱን በሚነግሩት ቀን ያጽናናዎት፤ ይበቃል። ጥያቄውን በሚያነሱበት ቀን ግን መልሱ የሰው ስም፣ የብር መጠን ወይም ቀን ሆኖ እስኪመጣ አይልቀቁት። «አብሽሪ» ካለ «እሺ፣ አብሽሬያለሁ፤ አሁን ስሙን ንገረኝ» ይበሉት። ይስቃል፤ ከሳቀ በኋላ ያስባል።

የሚያነሱበት ሰዓት ከቃሉ እኩል ይቆጠራል። ከጅቡቲ በገባበት ሌሊት አይሆንም፤ ሰውነቱ ገና መንገድ ላይ ነው። ሊወጣ ጭነት ሲያጣራም አይሆንም። በማግስቱ ከቡና በኋላ ግማሽ ሰዓት ይያዙ፤ በአንድ ቁጭታ ከሦስት ጉዳይ በላይ አያንሱ። «አንተ ስለ እኔ አታስብም» ብለው ከጀመሩ ወሬው ስለ እሱ ጠባይ ይሆናል፤ ወሊዱ ይረሳል። «መስከረም መጀመሪያ ላይ አንተ ጅቡቲ እያለህ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ምጥ ቢይዘኝ ለማን ልደውል?» ቢሉት ግን ማምለጫ የለውም።

መስከረም ያልነው በሒሳብ ነው። በእኛ አቆጣጠር የመጨረሻ ወር አበባ በጀመረበት ቀን ላይ 9 ወር ከ10 ቀን ይደመራል። መሐል ላይ ጳጉሜን ካለፈች ግን የሚጨመረው 5 ቀን ነው፤ ጳጉሜን 6 በምትሆንበት ዓመት 4። ይህን ስተው 10 የሚደምሩ ብዙ ናቸው። ከታኅሣሥ 10 ተነሥተን 9 ወር ስንቆጥር መስከረም 10 እንደርሳለን፤ ጳጉሜን ስላለፈች 5 ጨምረን መስከረም 15 ይሆናል። በተባለበት ዕለት የሚወለድ ሕፃን ጥቂት ነው። 37 ሳምንት የሚሞላው ነሐሴ 29 ነውና ባልዎ ከዚያ እስከ መስከረም 22 ድረስ ያለውን ጊዜ «ከዛሬ ነገ» ብሎ ይያዘው። በእነዚያ ሳምንታት ረጅሙን መስመር ለጓደኛ አሳልፎ አጭር ጭነት ማግኘት ይችል እንደሆነ አሁኑኑ ይጠይቅ፤ ነሐሴ መጨረሻ ላይ ቢጠይቅ ተራው ተይዟል። ተቀጣሪ ከሆነ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለአባት 3 ተከታታይ ቀን ከነደመወዙ ይሰጣል። ለእርስዎ ደግሞ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን።

ከዚያ አንድ ወረቀት ያዘጋጁ፤ አንዱ ከክትትል ካርድዎ ጋር ይቀመጥ፣ አንዱን ባለቤትዎ በስልኩ ፎቶ ያንሳው። ይዘቱ፦ የሚወልዱበት ተቋም፤ ሌሊት የሚነሣ ባለባጃጅ ወይም ባለታክሲ ስምና ስልክ፣ እሱ ቢታጣ ሁለተኛ ሰው፤ የአምቡላንስ ስልክ (የቀይ መስቀል 907 ነው)፤ አብራዎት የምትገባ ሴት፤ ደም ቢያስፈልግ ሊሰጡ የተስማሙ ሁለት ሰዎች። ወሊድ በመንግሥት ተቋም ያለ ክፍያ ነው፤ ብሩ የሚያስፈልገው ለትራንስፖርት፣ ለአስታማሚ ምግብና ተቋሙ ውስጥ ያልተገኘ መድኃኒት ከውጭ ለመግዛት ነው። ስለዚህ ብሩ ባልዎ ኪስ ውስጥ ወይም እሱ ብቻ በሚያወጣው ሒሳብ ላይ ከሆነ የለም ማለት ነው። እርስዎ እጅ ይሁን።

የደም ዓይነትዎን ካርዱ ላይ ይመልከቱ። ነጌቲቭ ከሆነ ባለቤትዎም ይመርመር። እርስዎ ነጌቲቭ ሆነው ሕፃኑ ፖዘቲቭ ሆኖ ከተወለደ በ72 ሰዓት ውስጥ የሚወጉት መርፌ አለ፤ የሚቀጥለውን እርግዝና የሚያድን ነው። በየቦታው ስለማይገኝ ፈልጎ ማስቀመጥ የባል ሥራ ይሁን፤ በሚዞርባቸው ከተሞች ማጠያየቅ ለሾፌር ይቀለዋል።

የቀረ አንድ ነገር አለ፤ ብዙ ቤት የሚጎዳው እሱ ነው። ድንገት ቀዶ ሕክምና ቢያስፈልግ ፈቃዱ የእርስዎ ነው፤ ፊርማውም የእርስዎ። ዘመድ ግን «ባሏ ይምጣ፣ ባሏ ይወስን» ብሎ ሰዓት ይገድላል፤ ባል ደግሞ ስልክ በማይሠራበት በረሃ ላይ ነው። ስለዚህ ባለቤትዎ ከመንገዱ በፊት በእናትዎና በወንድሞቹ ፊት «እኔ ባልኖርም ሐኪም ያለው ይሁን» ብሎ ይናገር። ይህ አንድ ዓረፍተ ነገር ከአሥር «አብሽሪ» ይበልጣል።

ጥያቄ፦ ደሴ ነዋሪ ነኝ፤ መምህር ነኝ። ባለቤቴ 30 ሳምንቷ ነው። የወሊድ ዝግጅት ትምህርት ለወንድም ይፈቀዳል? ምንስ ያስተምራሉ? ምጥ ላይ አብሬያት እንድሆን ፈልጋለች፤ እኔ ደግሞ እንደ ግንድ ተገትሬ እንዳልቀር ሰጋሁ።

መልስ፦ ትምህርቱ በሁለት መልክ ይገኛል። አንዱ በክትትል ቀን ተራ ሲጠበቅ የሚሰጠው ነው። ሌላው በየቀበሌው በወር አንድ ጊዜ የሚደረገው የነፍሰ ጡር እናቶች ጉባኤ ነው፤ ጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ከጤና ጣቢያ ከምትመጣ አዋላጅ ጋር ትመራዋለች። ሁለቱም ስለ አደገኛ ምልክቶች፣ ስለ ምግብና በተቋም ስለ መውለድ በደንብ ይነግራሉ። ስለ አተነፋፈስ፣ ስለ ወገብ ማሸት፣ ስለ ባል ድርሻ ግን ካልጠየቁ አይነሣም። ባሎች በር ላይ የሚቀሩት በአብዛኛው ይሉኝታ ይዟቸው ነው። በሚቀጥለው ቀጠሮ አብረው ይግቡና «እኔም ልማር መጥቻለሁ» ይበሉ። የዓለም ጤና ድርጅት እናት ራሷ የመረጠችው ሰው በምጥ ጊዜ ሁሉ አብሯት እንዲሆን ይመክራል፤ ክፍሉ ጠባብ በሆነበት ቤት አፈጻጸሙ ይለያያልና የእናንተን ተቋም አስቀድመው ይጠይቁ፦ ስንት ሰው ይገባል? ሌሊት በየትኛው በር ነው? ስትወልድ የሚመቻትን አኳኋን መምረጥ ትችላለች? ቀዶ ሕክምና እዚሁ ይሠራል ወይስ ወዴት ትላካለች?

የቀረውን ቤታችሁ ውስጥ በሳምንት ሦስት ምሽት፣ 15 ደቂቃ ይለማመዱት።

መጀመሪያ ሰዓት መያዝ። የቁርጠት ርቀት የሚቆጠረው አንዱ ከጀመረበት ሌላው እስከሚጀምርበት ነው። ብዙ ባሎች ካበቃበት ይቆጥሩና ሐኪሙን ያሳስታሉ። በየ5 ደቂቃው እየመጣ፣ አንዱ 1 ደቂቃ ያህል እየቆየ፣ ይህም ለ1 ሰዓት ከዘለቀ ተነሡ። የውሸት ምጥ ስትራመድ ወይም ስታርፍ ይሸሻል፤ እውነተኛው እየገፋ፣ እየጠነከረ ይመጣል። የሽርት ውሃ ከፈሰሰ ግን ቁርጠት ሳትጠብቁ ተነሡ፤ ሰዓቱንና መልኩን ይያዙ። ጥርት ያለ ከሆነ ደግ ነው፤ አረንጓዴ ወይም ቡናማ ከሆነ ሕፃኑ ሆድ ውስጥ ሳለ ዐይነ ምድር ወጥቶታልና ይፍጠኑ።

ሁለተኛው አተነፋፈስ ነው። ቁርጠቱ ሲጀምር በአፍንጫ ቀስ ብላ እስከ 4 ትሳብ፣ በአፏ እስከ 6 ታውጣ። ቆጣሪው እርስዎ ነዎት፤ ድምፅዎ ዝግ ይበል። ትንፋሿን ከያዘች ትከሻዋና መንጋጋዋ ይወጠራሉ፣ ጉልበቷም ቶሎ ያልቃል። መንጋጋዋ ላይ እጅዎን ጣል ቢያደርጉ ይላላል።

ሦስተኛው ወገብ። ብዙ ሴት ምጡን ወገቧ ላይ ታመዋለች። ወንበር ላይ በግልባጩ ተቀምጣ መደገፊያውን ትቀፍ። እርስዎ ከኋላ ሆነው ከመቀመጫዋ ስንጥቅ ከፍ ብሎ ባለው ጠፍጣፋ አጥንት ላይ የመዳፍዎን ተረከዝ ያሳርፉና በክብደትዎ ወደ ፊት ይግፉ። ቁርጠቱ እስኪበርድ አያንሱ። በጣት ማሻሸት ዋጋ የለውም፤ ቆዳዋን ይልጠዋል እንጂ አጥንቱ ጋ አይደርስም። እንዴት እንደሚጫኑ የምትወስነው እሷ ናት፦ «ከፍ፣ ዝቅ፣ ጠንከር»። አንድ ምልክት ደግሞ ዛሬ ይስማሙ፤ እጇን ካነሣች ወዲያው ይተዉ። ምጥ ሲከር የባል እጅ እንኳ የሚያንገሸግሻት ጊዜ አለ፤ አይቀየሙ።

አራተኛ፣ በጀርባዋ ተንጋላ አትቆይ፤ ማሕፀኑ ትልቅ የደም ሥር ይጫናል፣ ለእሷም ለሕፃኑም የሚደርሰው ደም ይቀንሳል። ትራመድ፣ ትንበርከክ፣ በጎን ትተኛ። በየ2 ሰዓቱ ሽንት እንድትሸና ያስታውሷት፤ ፊኛ ሲሞላ የሕፃኑን መውረጃ ያጠባል። ሐኪም ካልከለከለ አጥሚትና ስኳር ያለው ሻይ በትንሽ በትንሹ ያቅምሷት።

ጤና ጣቢያ ደርሳችሁ የማሕፀኑ አፍ የተከፈተበት ተለክቶ «2 ሳንቲ ሜትር ነው፣ ገና ነሽ» ሲባል ባሎች ይቆጣሉ። ዋናው ምጥ የሚባለው ከ5 ሳንቲ ሜትር ጀምሮ ነው። ከዚያ በፊት ያለው ክፍል ለበኩር ወላድ ሊረዝም ይችላል፤ ደሴ ከተማ ውስጥ ለሚኖር ሰው ቤት ተመልሶ መጠበቅ ይሻላል፤ ከሩቅ ለመጣ ግን እዚያው መቆየት። ከ5 በኋላ ለመጀመሪያ ወሊድ እስከ 12 ሰዓት፣ መግፋቱ ደግሞ እስከ 3 ሰዓት ሊወስድ ይችላል።

ትልቁ ስሕተት «ግፊ!» ማለት ነው። የማሕፀኑ አፍ 10 ሳይሞላ ከገፋች አፉ ያብጣል፣ እሷም ትዝላለች። ይህን ቃል ለአዋላጇ ይተዉላት። የእርስዎ ቃላት «ይችኛዋም አለፈች»፣ «እየበረደ ነው»፣ «እዚሁ ነኝ» ናቸው። እርስዎም ይብሉ፤ በባዶ ሆድ ቆሞ አድሮ ራሱን የሚስት ባል ለአዋላጅ ሁለተኛ በሽተኛ ነው።

ጥያቄ፦ ከደላንታ ገጠር ነው የምጽፈው። ከመኪና መንገድ ሁለት ሰዓት ተኩል በእግር እንርቃለን። የባለቤቴ ሦስተኛ እርግዝናዋ ነው፤ የመጨረሻ ወር አበባዋ ኅዳር 5 ጀመረ። ጤና ኤክስቴንሽኗ «የእናቶች ማቆያ ትግባ» አለች። ባለቤቴ «ልጆቼን ለማን ትቼ?» ትላለች። እናቴ ደግሞ «ሁለቱን እዚሁ ወልዳ የለ? ምን አዲስ መጣ?» ይላሉ። መሐል ቤት ቀረሁ።

መልስ፦ ጳጉሜን ስላልደረሰች 9 ወር ከ10 ቀን ደምረን ነሐሴ 15 ይመጣል፤ ጭቃና ጎርፍ የሚበረታበት ጊዜ። ማቆያ ነፍሰ ጡሯ ጤና ጣቢያ አጠገብ ሆና ቀኗን የምትጠብቅበት ቤት ነው፤ የሚገባው ከቀኑ ሁለት ሳምንት ያህል ቀደም ብሎ ነውና ፍልሰታ ስትገባ፣ ነሐሴ 1 እዚያ ትሁን።

ባለቤትዎ አልሄድም ያሉ መስሎዎት ከሆነ ደብዳቤዎን መልሰው ያንብቡ፤ ያቀረቡት ጥያቄ ነው። «ለማን ትቼ?» ነው ያሉት። ስለ ጤና ጣቢያ ጥቅም ቢሰብኩላቸው ያልጠየቁትን ይመልሳሉ። ልጆቹ ጋ የሚያድረው ማን ነው? እንጀራ በሳምንት ሁለት ቀን ማን ይጋግራል? ውሃና እንጨቱስ? ላሟን ማን ያልባል? ለእያንዳንዱ የሚያምኑትን ሰው ስም እሳቸው ይጥሩ፤ እርስዎ ሄደው ይለምኑ። ትንሹን ልጅ ይዞ መግባት የሚፈቅድ ማቆያም አለ፤ ይጠይቁ። ሐምሌ ውስጥ በገበያ ቀን ማቆያውን አብራችሁ እዩት፦ መኝታውን፣ ማብሰያውን፣ ሽንት ቤቱን። ለሦስት ሳምንት የሚበቃ በሶ፣ ሽሮ፣ በርበሬ፣ ቡናና ጋቢ ይያዝ። የጤና መድን ደብተራችሁ ያልታደሰ ከሆነ አብሮ ይታደስ።

እናትዎ ያሉት ሐሰት አይደለም፤ ሁለቱ በሰላም ተወልደዋል። ነገር ግን ከወሊድ በኋላ የሚመጣ ደም መፍሰስ ማንን እንደሚይዝ አስቀድሞ አይታወቅም፤ ሲበረታ በሁለት ሰዓት ውስጥ ሊገድል ይችላል። የእናንተ መንገድ እስከ መኪናው ብቻ ሁለት ሰዓት ተኩል ነው። ጤና ጣቢያ ሕፃኑ በወጣ በ1 ደቂቃ ውስጥ 10 ዩኒት ኦክሲቶሲን ጭኗ ላይ ትወጋለች፤ ማሕፀኑ ይኮማተርና ደሙ ይገታል። መርፌው ቅዝቃዜ ይፈልጋል፤ ቤት የሚቀመጥ አይደለም። ይህን እናትዎ ከእርስዎ አፍ ሳይሆን ከአዋላጇ አፍ ይስሙት። አብረዋት ማቆያ የሚቀመጡትም እሳቸው ይሁኑ፤ ተሸንፈው ሳይሆን ተሹመው ይሂዱ። ገንፎውን እዚያው ማገንፋት የሚቻልበት ጤና ጣቢያ ብዙ ነው።

ምጡ ቀድሞ ቤት ቢደርስስ? ለቅሬው (ለዕድሩ) ዳኛ አሁኑኑ ይንገሩ። ለቃሬዛ 4 ተሸካሚ አይበቃም፤ 8 ሰው በሁለት ፈረቃ፣ ባትሪና የዝናብ ላስቲክ። አምቡላንሱን የምትጠሩት ከቤት ስትነሡ ነው፤ መንገድ ዳር ደርሶ የሚደውል ሰው ሌላ ሰዓት እዚያ ይቆማል። የወረዳውን ሾፌር ስልክ ጤና ኤክስቴንሽኗ ትሰጣችኋለች። በጎኗ ተኝታ ትሂድ። ቀን ሳይደርስም ቢሆን ደም ከታየ፣ ራስ ምታቱ ካልለቀቀ ወይም ዓይኗ ከፈዘዘ፣ ፊቷና እጇ ካበጠ፣ ካንቀጠቀጣት፣ ትኩሳት ከመጣ ወይም የሕፃኑ እንቅስቃሴ ከቀነሰ «እስኪ ይንጋ» አይባልም። ቤት ከወለደች ደግሞ እንግዴ ልጁ በ30 ደቂቃ ውስጥ ካልወጣ ጎትታችሁ አታውጡ፤ እትብቱ ይበጠሳል፣ ማሕፀንም ሊገለበጥ ይችላል። እንዳለች ተሸክማችሁ ሩጡ።

ጥያቄ፦ ወልድያ ነኝ። ሰባት ወልጃለሁ፤ ባሌ አንዱንም ቀን በር አልፎ አያውቅም። አሁን ምራቴ ልጄን ምጥ ክፍል ላስገባው ትላለች። ነውር አይደለም ወይ? እኔስ ምን ልሁን?

መልስ፦ እናታችን፣ ነውሩ ማንም ሳይጠይቃት ሲወሰንባት ነው። እሷ የምትወልድ ናት፤ እሱን ከመረጠች እሱ ይግባ፣ እርስዎን ከመረጠች እርስዎ። ሴቶች ሐሳባቸውን እዚያው ምጡ ላይ ይለውጣሉ፤ «ይውጣልኝ» ካለች ይወጣል። እርስዎ ውጭ ሆነው የሚበዛብዎት ሥራ አለ፦ ጠያቂውን መመለስ፣ ሙቅና ልብስ ማቀበል። ደግሞም ከወለደች በኋላ በእርስዎ ቃል የሚጸና ነገር ይኖራል። ሕፃኑ በመጀመሪያው 1 ሰዓት ጡት ይያዝ፤ እንገሩ ይጠባ፣ ቅቤ አይቅመስ፤ ቅቤ ወደ ሳምባው ሊገባ ይችላል። ገላው ለ24 ሰዓት አይታጠብ፤ ይበርደዋል። እትብቱ ላይ ቅቤም አመድም አይደረግ፤ ከጤና ጣቢያ የተሰጠ ክሎርሄክሲዲን ቅባት ካለ እሱ ብቻ። ምራትዎ ይህን ብትል «ተምሬያለሁ አለች» ይባልባታል፤ እርስዎ ካሉ ግን ቤቱ ይሰማል።

ጥያቄ፦ ስሜና አገሬ ይቅር። ባለቤቴ ካረገዘች ወዲህ ግንኙነት ፈርተናል፤ ሕፃኑን ይጎዳል ይላሉ። መነጋገሩንም አፈርን።

መልስ፦ እርግዝናው ጤነኛ ከሆነ አይጎዳም፤ ሕፃኑ በሽርት ውሃና በተዘጋ የማሕፀን አፍ ተጠብቆ ነው ያለው። የሚከለከለው ደም ከታየ፣ የሽርት ውሃ ከፈሰሰ፣ እንግዴ ልጁ የማሕፀኑን አፍ ሸፍኗል ከተባለ ወይም ያለ ጊዜው ምጥ ያሰጋል ከተባለ ነው። ሆዷ ሲገፋ በጎን መሆን ይሻላል። ፍላጎቷ በሦስቱ የእርግዝና ክፍሎች ከፍ ዝቅ ይላል፤ ዛሬ «አይ» ስላለች ነገም ያው ነው ማለት አይደለም። ማፈሩን ለመስበር ቀላሉ መንገድ በሚቀጥለው ቀጠሮ ባል ራሱ አዋላጇን መጠየቁ ነው፤ ሚስት መልሱን አብራ ትሰማለች፣ ወደ ቤት ስትመለሱ ወሬው ተጀምሯል።